ኑርሁሴን የፈረደበት ሰው

ጣይባ ከባሏ ጋር ከኮምቦልቻ ተነስተው ደሴ እስኪደርሱ ቦርሳዋን ከደረቷ አላላቀቀችም። ባሏ ኑርሁሴን ኮምቦልቻ ላይ ጨርቅ እየሸጠ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ደሴ ወጥቶ በትርፍ ጊዜ ዳኝነት ሲፈርድ ነው ያረጀው። ለእንደዚህ ዓይነት ዳኞች ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረም። አሁን ግን ያለፈውን መዋጮ ያሟላ ዘመኑ ይቆጠርለታል ተባለ። እሷ በእርጅናዋ የሰው እጅ ማየት አትፈልግም። የመክፈያው መጨረሻ ዛሬ ነው፤ የጡረታ ቢሮው ሊዘጋም ትንሽ ቀርቶታል።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሙና ፋይሉን አገላበጠች።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስረጃ የለም። ግዴለም፣ ማገልገልዎን ራስዎ አረጋግጠው ይፈርሙልኝና ክፍያውን ልቀበል።»

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ኑርሁሴን። «ባለጉዳዩ እኔ፣ ምስክሩም እኔ?»

«ኧረ ፈርም፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ጣይባ።

«አይሆንም።»

«እሺ እኔ ልመስክር።»

«ሚስቴ ነሽ፤ ታዳያለሽ።»

«ለአንተ? ወላሂ ዛሬስ አላዳላም!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ኑርሁሴን ግን፣ «ለእኔ የማያዳላ ሰው ይምጣ» ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሙና ሰዓቷን አየች።

ጣይባ ሻሿን አጥብቃ ወደ ፒያሳ ሮጠች። መንገዱ መሃል ቆማ ጮኸች።

«እናንተ! ኑርሁሴን የፈረደበት ሰው አለ?»

አንዲት ባጃጅ ሲጥ ብላ ቆመች።

«እኔ አለሁ!» አለ ሾፌሩ በሽር። «አጥሬን ያስፈረሱኝ እሳቸው ናቸው! ምነው፣ ተከሰሱ እንዴ?»

«ና ብቻ፣ የኔ ጌታ!» እጅጌውን ይዛ እየጎተተች አስገባችው።

«መቼ ነው የፈረዱብህ?» አለች ሙና።

«የበኩር ልጄ በተወለደች ዓመት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል!»

ሙና ስትቆጥረው ማስረጃ በጎደለበት ዘመን ላይ ወደቀ፤ የኑርሁሴን ፊት በራ። «ይኼ ነው ምስክር! ፈጽሞ አይወደኝም!»

«አልወድዎትም!»

«ጻፊ ልጄ፣ ጻፊ!»

በሽር የአጥሩን ነገር ከሥሩ ሊተርክ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ኑርሁሴንም ሊያዳምጠው ወንበር ሲስብ፣ ጣይባ ብሩን በመስኮቱ አሾለከችው። ማህተሙ ሲያርፍ እልል አለች፤ ሙናም ተከተለቻት።

ደጅ ላይ በሽር፣ «ግቡ፣ መናኸሪያ በነጻ ላድርሳችሁ» አለ።

«ከምስክሬ ስጦታ አልቀበልም» አለና ኑርሁሴን በእግሩ መንገድ ጀመረ።

ጣይባ ዳኛ አይደለችም። ዘላ ገባች፤ አጠገቡ ሲያልፉም አንገቷን አውጥታ፣ «ጡረተኛው! ፈጠን በል እንጂ!» እያለች እጇን አውለበለበችለት።