የሞንተሬይ ኮንፈረንስ

«ወንድማችን መኩሪያ በየዓመቱ ሰመር ሲመጣ ሥራውንም ቤቱንም ትቶ፣ ሞንተሬይ ድረስ ወጥቶ በጾምና በጸሎት ይቆይ ነበር፤» አሉ ጋሼ ተስፋሁን ዓይናቸውን ጨፍነው። «አብሬው ስለነበርኩ እኔ ምስክር ነኝ።»

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች «አሜን» አሉ። ወርቅውሃ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች። ባሏ መኩሪያ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ታጣፊ ወንበሮች ሳሎኑን ሞልተው ኮሪደሩን ይዘዋል። በፎይል የተሸፈነው ምግብ ከምድጃው አልፎ ልብስ ማጠቢያው ላይ ተደርድሯል። ፌርፋክስ ሰፈር ፓርኪንግ እንደ ልብ አይገኝምና ግማሹ ለቀስተኛ በአንድ ዓይኑ ያለቅሳል፣ በሌላው በመስኮት መኪናውን ያያል።

ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዓይናለም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ምን ዓይነት የእግዚአብሔር ሰው ነበር፤» አሏት።

«ነበር፤» አለች ወርቅውሃ።

እሷ የምታውቀውን ታውቃለች። «የጸሎት ኮንፈረንስ» የሚሉት ጉዞ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መኩሪያ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ገላው በማታውቀው የአበባ ሳሙና አውዶ ተመለሰ። «ጸሎቱ ሜዳ ላይ ነው፤» አላት። በሁለተኛው ዓመት ጃኬቱ ላይ አንድ ረጅም ቢጫ ፀጉር አገኘች። ወርቅውሃ ቶራንስ ውስጥ አረጋውያን የምትጦር ሴት ናት፤ ከመድኃኒት ሣጥን አንድ ኪኒን ብትጎድል ታውቃለች። ቀጥሎ ደግሞ ስልኩ ላይ «ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ። ዲ።» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት አየች። አልጠየቀችውም። ከጠየቀችው መልስ መስጠቱ አይቀርም፤ መልሱን ፈራች።

ከዚያ ለሁለት ዓመት ሳይሄድ ቀረ። «ኮንፈረንሱ ተዘጋ፤» አላት፣ ፊቱ እንደ ኀዘንተኛ ጠቁሮ። እሷ ግን ጌታዋን አመሰገነች፣ በየቅዳሜው ክትፎ አበላችው። ሴትዮዋ የተወችው መስሏት አንዳንዴም ታዝንለት ነበር።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ እየሮጠ ገባ። «ተፈቀደ! ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ግን ተፈቀደ።»

«ጸሎት ነው የተፈቀደው?»

መኩሪያ ጥቂት አሰበና፣ «አዎ፤» አላት።

ደርሶ ሲመለስ አኮረፈችው። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ «ምሳህ ማይክሮዌቭ ውስጥ ነው» ከማለት በቀር አላናገረችውም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ዌስትቼስተር ላይ፣ የሚነዳውን የኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ በሥርዓቱ ፓርክ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ ልቡ ቆመች።

በሩ ተንኳኳ። ልጇ ቤዚ ከፈተች።

ስልሳን ያለፈች ፈረንጅ ናት። ረጅም ቢጫ ፀጉሯ ወደ ሽበት ዞሯል። የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ ትልቅ የበረዶ ሣጥን ታቅፋለች። «የማክ... የመኩሪያ ቤት ይሄ ነው? ዶና እባላለሁ፤» አለችና ሣጥኑን መሬት አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

ዲ።

ወርቅውሃ ይህን ሁሉ ዓመት በሐሳቧ ስትጣላት የኖረችው ሴት ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ቀይ ታኮ ጫማ ታደርግ ነበር። ይህችኛዋ የመካኒክ እጅ አላት። ወርቅውሃን ከቅናቱ በፊት የተሰማት ንቀት ነው፦ ለዚህች ነው እንዴ? ዶና መጥታ አቀፈቻት። የአበባ ሳሙና ትሸታለች።

«ማናት?» አሉ እትዬ ዓይናለም በሹክሹክታ።

«የኮንፈረንሱ ሰባኪ ትሆናለቻ፤» አለች ወርቅውሃ፣ ጋሼ ተስፋሁንን እያየች።

ጋሼ ተስፋሁን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ፊታቸው ላይ ከፍተው ግድግዳ ግድግዳውን ወደ ሽንት ቤት እያመሩ ነበር። ዶና አየቻቸው።

«ቶሚ! ሆድህ እንዴት ነው? ዘንድሮ አራቴ ብቻ ነው ያስመለሰህ፤ ተሻሽለሃል።»

የቤቱ ዓይን ሁሉ ተርጉሚልን ብሎ ቤዚ ላይ አረፈ። ቤዚም፣ «እ... እንዴት ናችሁ ነው የምትለው፤» አለች።

«ቤዚ፣ ሃያ ዓመት የፈረንጅ ሽማግሌ ስጦር ነው የኖርኩት። ገብቶኛል። ጋሼ ተስፋሁን፣ ይቀመጡ።»

ጋሼ ተስፋሁን ተቀመጡ። «መኩሪያ ማረፉን ነግሬ፣ ከመርከቧ መዝገብ ስማችንን እንድትሰርዝ መልእክት ነው የላክሁላት፤» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «አምስት ሰዓት ነድታ ትመጣለች ብዬ በምን ልገምት።»

«የምን መርከብ?»

«ሳልመን ነው፣ ወርቄ።»

«ሳልመን ደግሞ ማናት?» አሉ እትዬ ዓይናለም፣ ደረታቸውን ይዘው።

«ዓሣ ናት፣ እትዬ ዓይናለም። ዶና የመርከቧ ካፒቴን ናት። በየሰመሩ ዓሣ ልናጠምድ ነበር የምንሄደው፤ ሽታው እንዳያጋልጠን በእሷ ሳሙና ታጥበን እንመለስ ነበር።»

ወርቅውሃ ቀስ ብላ፣ «መኩሪያ መዋኘት አይችልም፤» አለች።

«አይችልም። እኔም አልችልም።»

ዱሮ፣ ቤዚ ሕፃን ሳለች፣ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር መኩሪያን ከጉልበቱ የማያልፍ ማዕበል ጠልፎ ጥሎት ነበር። በሸሚዙ ኮሌታ ጎትታ ያወጣችው እሷ ናት። እዚያው አሸዋው ላይ፣ ጨዋማውን ውሃ ሳይተፋ፣ ከገንዳ የሰፋ ውሃ እንዳይጠጋ አስምላዋለች።

«መሐላውን እንዳፈረሰ እንዳታውቂ ብሎ ነው፤» አሉ ጋሼ ተስፋሁን።

«ስድስት ዓመት?»

«ሁለቱን ዓመት እንኳ ዝግ ነበር። ዓሣው አልቆ መንግሥት ከለከለ። እንዴት እንዳለፈን አትጠይቂኝ።»

«ጾም ጸሎቱስ?»

«እያስመለሰን እህል አንቀምስም። ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ጮኸን እንጸልያለን። እሱ ውሸት አይደለም።»

ከኮሪደሩ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ለመሸፈን ሞከረ፤ አልሆነለትም። እትዬ ዓይናለም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ዶና የበረዶ ሣጥኑን ከፈተች። እንደ ሕፃን ልጅ የሚታቀፉ ሁለት ዓሦች በበረዶ ተጋድመዋል። «የዘንድሮዎቹ የእሱ ናቸው፤» አለች። «ሌላ ጊዜ ለመርከበኞቼ ነበር የሚሰጠው። ዘንድሮ ግን በረዶ ቤት አቆዪልኝ፣ ለሚስቴ ነግሬያት እወስዳቸዋለሁ አለኝ። መርከቧ ላይ ንግግሩን ሲለማመድ ነበር የዋለው።»

«አልነገረኝም፤» አለች ወርቅውሃ በእንግሊዝኛ። «እኔ እኮ አላናግረውም ነበር። እስከሚሞት ድረስ አላናገርኩትም።»

«አውቃለሁ። በሳምንቱ ደውሎ ነግሮኛል።» ዶና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አኩርፋለች፣ ግን ምሳዬ በየቀኑ አለ፣ ስለዚህ ደህና ነን አለኝ። ኩርፊያዋን ትጨርስና እነግራታለሁ አለ። ስታኮርፍ ምግቧ ይበልጥ ይጣፍጣልም ብሏል።»

ወርቅውሃ በሦስቱም ቀን እንባዋ እንቢ ብሏት ነበር። አሁን ወረደ። ሳቋም አብሮ መጣ፤ የትኛውን ለማቆም እንደምትሞክር ግራ ገባት። ቤዚ ያቀፈቻት እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሳታውቅ ነው። ጋሼ ተስፋሁን እግሯ ሥር ሊንበረከኩ ሲሉ ጉልበታቸው ያዛቸውና በወንበር ተደገፉ።

«ይነሡ፣ ይነሡ፤» አለች ወርቅውሃ። «ይልቅ ይህን ዓሣ ማን ይበልታል? እኔ ያየሁት ዓሣ ሁሉ በቆርቆሮ የመጣ ነው።»

«እኔ እበልታለሁ፤» አሉ፣ ኃጢአታቸው እንደተሠረየ ሰው ፈጥነው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይቶ አዋዜና ሎሚ ይዘው የተከተሏቸው ሴቶች ሽማግሌውን ያለ ርኅራኄ ሲጠይቋቸው ተሰማ፦ እውነት መርከብ ላይ «ቶሚ» ነው የሚባሉት?

ዶና ወደ መኪናዋ ወርዳ ተመለሰች። የያዘችው ብርቱካናማ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ነው። ጀርባው ላይ በማርከር «ማክ» ተብሎ ተጽፏል።

«መርከቤ ላይ የተወው ነው። ከፓርኪንጉ ጀምሮ ነበር የሚለብሰው። ሽንት ቤት እንኳ ሲገባ አያወልቀውም። ሚስቴ ብታይ በዚህ ትደሰት ነበር ይለናል።»

ወርቅውሃ ተቀበለቻት። ጨው ጨው፣ ጥቂት ደግሞ መኩሪያ መኩሪያ ይሸታል። ከጥቁር ልብሷ ላይ ደርባ ለበሰችውና የፊቱን መቆለፊያ ቀጭ አደረገችው። ሰፋት። ማሰሪያው በእሱ ቦርጭ ልክ እንደተለቀቀ ነው።

ቤዚ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ልታጠብቅላት ያዘች።

«ተይው፤» አለች እናቷ።

ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። በማሰሪያውና በሆዷ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ በሁለት እጇ አቀፈችው።