ያልተዘረጋው እጅ

እኔ ነገር ካላወቅሁ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ቤተክርስቲያኑን የማጸዳው ለእግዚአብሔር ብዬ ነው፤ ወሬ ቀድሞ እዚያ መድረሱ ግን አይከፋኝም።

በእኛ በዜላንድ መንደር ስብከት ሲያልቅ ፓስተሩ ከመድረኩ ይወርዳል፤ ተረኛው ሽማግሌም በምእመኑ ሁሉ ስም ይጨብጠዋል። ቃሉን ተቀብለናል ማለት ነው። እጁን ከከለከለው ስብከቱ ስህተት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ሰምቼ እንጂ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው እሑድ አየሁ። ወጣቱ ፓስተር ሄርበን፣ ኢየሱስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ሰብኮ ወረደና እጁን ዘረጋ። ተረኛው፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ጥብቁ ጋሽ ማሪኑስ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ልጁ ፊቱ ደም መሰለ። አንጀቴን በላው።

መንደሩ ስህተት ፍለጋ ገባ።

"ስለ ኃጢአት አላነሳም እኮ!" አለ ወተት አመላላሹ።

"ኧረ ቶሎ ጨርሶ ነው" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። "እኔ እንኳ ሳልተኛ አለቀ!"

በማግስቱ በፓስተሩ መስኮት ሳይ (ሆን ብዬ ነው ያየሁት) ሄርበን መጻሕፍቱን በካርቶን ያሽጋል።

"ቃሌን ካልተቀበሉ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አለኝ።

በቀጥታ ጋሽ ማሪኑስ ጎተራ ሄድኩ። ሽንኩርት ይመርጣሉ።

"ጋሽ ማሪኑስ፣ ስብከቱ ምን ጎደለው?"

"ምንም።"

"ታዲያ ልጁን ምነው እንዲህ አደረጉት?"

ሽንኩርቱን አስቀመጡ። "የታመመውን ክራይንን መጎብኘት የእኔ ድርሻ ነው። እግሩ ከቆሰለ ወዲህ ግን ቤቱ ይሸታል። በበሩ አልፋለሁ እንጂ አልገባም። ፓስተሩ ስለ እግር ማጠብ ሲሰብክ የራሴን እጅ አየሁት። በዚህ እጅ እሱን ልጨብጥ? ስሚኝ ሚና፣ አይገባኝም ብዬ ነው።"

ትሕትና መሆኑ ነው! ደሜ ፈላ።

"እጁ የእርስዎ መሰለዎት እንዴ? ያን ጊዜ የሁላችን እጅ ነው! እርስዎ በራስዎ አፍረው ሰውዬውን በሰው ፊት አዋረዱት። ይኸው ዕቃውን እያሸገ ነው።"

ቀለማቸው ተለወጠ። ኮታቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወጡ። ተከተልኳቸው፤ እንዲህ ካለው ነገር ማን ይቀራል?

ጋሽ ማሪኑስ በፓስተሩ በር ላይ ቆመው አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። ሄርበን ተቆጥቷል፤ ደግሞም እውነት አለው።

"ለእኔ ብቻ መንገርዎ አይበቃም" አላቸው። "ያፈርኩት በሰው ፊት ነው።"

"እሑድ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ብቻ አይሂዱብን።"

ሄርበን ወደ ካርቶኖቹ ዞረ። ሲመለስ ድምፁ ወርዷል። "ክራይን ዘንድ እኔም አልገባሁም። ሰዎች ስለ ሽታው ነግረውኝ ነበር።"

ካርቶኖቹን እንዳሉ ትቶ ወጣ። ሦስታችንም ባሕሩን በሚያግደው ግድብ ዳር ወደ ክራይን ቤት ሄድን። አዛውንቱ ክራይን በምርኩዝ እያነከሰ በሩን ከፈተና አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየ። ከንፈሩ ነጣ።

"ፓስተርም፣ ሽማግሌም፣ ባንድ ላይ?" አለ። "ሐኪሙ ደብቆኝ ነው እንዴ? ልሞት ነው?"

"አይደለም፣ ክራይን" አሉ ጋሽ ማሪኑስ። "ዘግይተን ነው።"