ሁለት ሦስተኛ

አርዲስ ቲቦ ስለ ምንም ነገር ምን እንደምታስብ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። እሷም ይህን እንደ ሹመት ትቆጥረው ነበር። በቨርሞንት ተራሮች መሃል ባለችው በኤልድሪጅ፣ በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነዋሪው የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰብና የከተማውን ጉዳይ ራሱ ይወስናል። መንገዱ ይጠገን አይጠገን፣ የእሳት አደጋ መኪና ይገዛ አይገዛ፣ ሁሉም በድምፅ ነው። ስብሰባውን የምትመራው አርዲስ ናት። ሰብሳቢ ሐሳብ አያቀርብም፣ ወገን አይይዝም። ተናጋሪው ሁሉ ንግግሩን ለእሷ ነው የሚያደርገው፤ ጎረቤቱን መስደብ ቢያምረው እንኳ «ክብርት ሰብሳቢ» ብሎ በእሷ በኩል ይሰድባል። ለሃያ ዓመት ያህል የዚህ ሁሉ ስድብ መተላለፊያ ሆና አንድም ቀን ፊቷ አልተለወጠም።

በዚህ ዓመት ግን ከመንገዱና ከመኪናው በኋላ የአፍጋኒስታን ጦርነት ተይዟል። ጽሑፉን ያቀረበችው ማርጎ ሊንድኩዊስት ናት፤ ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት፣ ከቦስተን ከመጣች ብዙ ዓመት ቢሆናትም አሁንም «አዲሷ» የምትባል። ጽሑፉ «የከተማችን ልጅ ኮልቢ ቲቦ አካሉን ያጣበት ጦርነት አብቅቶ ወታደሮቻችን በአስቸኳይ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የኤልድሪጅ ነዋሪዎች ይጠይቃሉ» ይላል። ሌላንድ ፕራት የሚባለው ላም አርቢ፣ በወጣትነቱ ቬትናም ዘምቶ የተመለሰው፣ በምትኩ የራሱን አምጥቷል፤ «የከተማችን ልጅ ኮልቢ ቲቦ የደማለትን ዓላማ በማክበር ወታደሮቻችን ሥራቸውን እስኪፈጽሙ ነዋሪዎች ከጎናቸው ይቆማሉ»።

ኮልቢ የአርዲስ ልጅ ነው። ያላት አንድ ልጅ ነው።

የከተማው ጸሐፊ ቬርና ከስብሰባው በፊት ጠርታት ነበር። «አርዲስ፣ ይህን አንዱን እንኳ ለሌላ ሰው አትተይውም?»

«የወንድሜን የጠጠር ጉድጓድ ጉዳይ መርቻለሁ። ወንድሜ ተሸንፎ ገናን እኔ ቤት ነው የበላው።»

«ጠጠርና ልጅ አንድ ነው?»

«ደንቡ አንድ ነው» አለች አርዲስ።

ያልጠበቀችው ኮልቢ ራሱ እንደሚመጣ ነው። በመከር ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቷ ከገባ ጀምሮ ከማገዶ ቤትና ከመኪናው በቀር የትም አይሄድም ነበር። ዛሬ ግን ድምፅ የመስጠት መብት የሌላቸው እንግዶች የሚቀመጡበት የግድግዳ ጥግ ወንበር ላይ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

«ክብርት ሰብሳቢ» አለች ማርጎ። «ይህ ልጅ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት አይተነዋል። አንድ ጆሮውን እዚያ ጥሎ ነው የመጣው። ስንት ጆሮ እስኪጠፋ ነው የምንጠብቀው?»

«ክብርት ሰብሳቢ» አለ ሌላንድ ተቀምጦ፤ ከዚያ ደንቡ ትዝ ብሎት ተነሳ። «ለወይዘሮ ሊንድኩዊስት ይንገሩልኝ። ልጁ ጆሮውን ጥሎ አልመጣም፣ ሰጥቶ ነው የመጣው። የሰጠውን ነገር 'በከንቱ ነው' ብሎ ፊቱ ላይ መናገር ነውር ነው።»

«አቶ ፕራት፣ እኔ ፖስተኛ አይደለሁም። ለስብሰባው ይናገሩ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ክርክሩ ቀጠለ። አንዱ ተነስቶ ኮልቢ ቢጠየቅ ጓዶቹ እንዲመለሱለት እንደሚፈልግ አያጠራጥርም አለ። ሌላዋ ተነስታ ኮልቢ ቢጠየቅ የጀመረውን ሳይጨርስ የሚተው ልጅ አይደለም አለች። «ኮልቢ ቢጠየቅ» የአዳራሹ ዜማ ሆነ። አርዲስ ወደ ግድግዳው ጥግ ላለማየት ዓይኗን ሰዓቱ ላይ ተከለች።

እዚያው ጥግ እጅ ተነሳ።

«ክብርት ሰብሳቢ» አለ ኮልቢ።

ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። አርዲስ «ኮልቢ» ልትል አፏን ከፍታ መለሰችው። ቬርና ከጎኗ ሆና «አይሆንም» በሚል አንገቷን ነቀነቀች። ኮልቢ በኤልድሪጅ መራጭ አይደለም፤ ጦር ሰፈሩ ያለበት ሰሜን ካሮላይና የመኪና ታርጋ ርካሽ ነው ብሎ ያኔ ነዋሪነቱን ወደዚያ አዙሯል። አርዲስም በጊዜው በስልክ ስቃበት ነበር። መራጭ ያልሆነ ሰው ደግሞ በዚህ ስብሰባ የሚናገረው ከተሰብሳቢው ሁለት ሦስተኛው ሲፈቅድለት ብቻ ነው።

ለወጉ ያህል ነው ብላ አሰበች። ማን ይከለክለዋል?

«አቶ ኮልቢ ቲቦ እንዲናገሩ የምትፈቅዱ ተነሱ።»

ከፊሉ ወዲያው ተነሳ። ማርጎ ከወንበሯ ከፍ አለችና ወደ ልጁ አጭር ፀጉር አየች፤ አጠገቧ ያለው ሰው በጆሮዋ አንድ ነገር አላት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ወታደር ወታደር ነው፣ ምን እንደሚል ይታወቃል፣ ሳይላት አልቀረም። ሌላንድ ደግሞ ቆቡን በእጁ እያዞረ ወለሉን ያያል። ኮልቢ ከመኪናው መስታወት ላይ የጦር ክፍሉን ምልክት በምላጭ ፍቆ ማንሳቱ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲወራ ሰንብቷል። ጠዋቱን ሙሉ በልጁ ስም ሲምሉ ያረፈዱት ሁለቱም አልተነሱም። እነሱን አይቶ ሌላውም አልተነሳ።

ቬርና ቆጠረች፤ አርዲስም ቆጠረች። ከሚያስፈልገው ጥቂት ጎደለ። ጉድለቱ በጣም ትንሽ ስለነበር «ፈቃዱ ተገኝቷል» ብላ የሰብሳቢነት መዶሻዋን ብትመታ ከቬርና በቀር የሚያውቅባት አልነበረም። ቬርናም አትናገርባትም።

«ፈቃዱ አልተገኘም» አለች። «አቶ ቲቦ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። በሩን ከፍቶ ወጣ።

የምሳ ሰዓት ነበር፤ መዶሻውን መታች። ሰው ሁሉ ወደ ማዕድ ቤቱ ተንጋጋ፤ «ክብርት»ና «አቶ» እዚያው ወንበር ላይ ቀሩ። «አርዲስ፣ ባቄላው ሳያልቅብሽ ድረሺ!» አላት ሌላንድ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ማርጎ ለሌላንድ ዳቦ ስታቀብለው ታየች።

አርዲስ ባቄላና የአሳማ ሥጋ በሳህን ይዛ ወጣች። ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ኮልቢ መኪናው ውስጥ ነው፣ መሪው ላይ። በጎኑ ገብታ ተቀመጠች፤ የሚሰማው ቀኝ ጆሮው በእሷ በኩል ነው።

«ምን ልትል ነበር?»

«አሁን ገና ጠየቅሽኝ?»

 ከመከር ጀምሮ የጠየቀችው ስለ እንጨት፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ ነው። እሱን ማክበሯ ይመስላት ነበር። ለካ ሰብሳቢነቱን ቤትም ይዛው ገብታለች።

«አሁን ጠየቅኩህ» አለች።

«ስለ ጦርነቱ አልነበረም። ስሜን አውጡልኝ ልል ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ አለሁ። አንዱ ላይ ምስኪን ነኝ፣ አንዱ ላይ ጀግና። እኔ መካኒክ ነበርኩ፣ እማ። ጎማ ስቀይር ነው ፈንጂው የፈነዳው። የማንም ማስረጃ መሆን አልፈልግም።»

«ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ለማን? ለእናቴ ወይስ ለክብርት ሰብሳቢ?» ሳህኑን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አደረገው። «ደግሞ 'አቶ ቲቦ' ስትይ ዞር ብዬ አባዬን ፈለግኩት።»

አባቱ ከሞተ ቆይቷል። አርዲስ ሳቋ መጣ፤ ስቃ ስትጨርስ አፈረች።

«ደንብ ነው» አለች።

«ደንብ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለና መብላት ጀመረ።

ከምሳ በኋላ አርዲስ መድረኩ ላይ አልተቀመጠችም። መዶሻውን ከእሷ በፊት ለመራው ለአዛውንቱ ለኤመሪ ሰጠችው።

«ከወረድሽ በዚህ ጉዳይ ተመልሰሽ መውጣት አትችይም» አላት ቬርና ዝግ ብላ። «የሚቀጥለው ዓመትም እንጃ። አንዴ ወገን ከያዝሽ ሰው አይረሳም።»

«አይርሳ።»

ድምፅ ማጉያው ጋ ቆመች። ስንት ዓመት ፊት ለፊቷ ስታየው የኖረችውን አዳራሽ ከዚህ በኩል አይታው አታውቅም። ከሰብሳቢው ራስ በላይ የቅርጫት ኳሱ መረብ ተንጠልጥሏል፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ሥር ነው በክብር የተቀመጠችው።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ከሁለቱም ጽሑፍ የልጄ ስም እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«ክቡር ሰብሳቢ!» ማርጎ ብድግ አለች። «ስሙ ከወጣ ምን ይቀራል?» ያለችው ለመቃወም ነበር። ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ራሷም ሰማችው መሰል፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እሱን እኔም ማየት እፈልጋለሁ» አለች አርዲስ።

«ይህቺ ሴት ከማን ወገን ናት?» አለ ሌላንድ።

«አቶ ፕራት፣ ይህን ጥያቄ ለሃያ ዓመት ስንጠይቅ ኖረናል» አለ ኤመሪ። «ይቀመጡ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አርዲስ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ጠዋት ብትፈቅዱለት ይህን ራሱ ይነግራችሁ ነበር። ልትነግሩት እንጂ ልትሰሙት አልፈለጋችሁም። እኔም ብሆን ቤቴ ተቀምጦ አልጠየቅኩትም፤ ስለዚህ እናንተን ለመውቀስ አልመጣሁም። ስሙን ብቻ መልሱለት።»

ድምፅ ተሰጠ። ስሙ ወጣ። የተቃወመ ካለም ጎልቶ አልታየም።

 ንግግር የተዘጋጀው ሁሉ በኮልቢ ላይ የተዘጋጀ ስለነበር የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ ሌላንድ ተነሳ፤ ቆቡን ወንበሩ ላይ ጥሎ።

«የእኔን ጽሑፍ አንሱት። በእሷ ላይ ድምፅ እንስጥ። እኔ ግን እቃወማለሁ። ከቬትናም ስንወጣ ከእኛ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲቀሩ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። አንዳንዶቹን በስም አውቃቸው ነበር። ስለ አፍጋኒስታን ካነሳችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካርታ ላይ ጣቴን የት እንደማሳርፍ አላውቅም። ያንን ነገር ግን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።»

ማርጎ ተነሳች። 

«ያኔ ቦስተን አደባባይ ወጥቼ 'ውጡ' እል ነበር» አለች። «ስለ ቀሩት ሰዎች አላሰብኩም። አሁን አስባለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ግን አንድ ዓመት ቆይተን ብንወጣም የሚቀር ሰው አለ። አሥር ዓመት ቆይተን ብንወጣም አለ። እስከዚያ ስንት መንደር እንደምንመታ ማን ነግሮን ያውቃል? ቆይታው ያድናቸዋል የሚል ሰው ካለ እንዴት እንደሆነ ያስረዳኝ።»

 ያጨበጨበ አልነበረም።

«የምትደግፉ ተነሱ» አለ ኤመሪ።

አርዲስ ዓይኖች ወደ እሷ ሲዞሩ ተሰማት። ድሮ ከፊት ሆና የሚነሱትን ስታይ ነገሩ የጉልበት ጉዳይ ይመስላት ነበር፤ ሰው ይነሳል ወይም አይነሳም። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም። ሚዛን ነው ስትለው የኖረችው ነገር ምን ያህል ምቹ ወንበር እንደነበር ገባት። የሌላንድ ንግግር ልክ ነው። የማርጎም ልክ ነው። የሁለቱም ልክ መሆን ግን እንደ ድሮው አያስቀምጣትም፤ እጇ ላይ መዶሻ የለም። ሐሳብ ደግሞ አላት። አውሮፕላኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦምብ ሲጥሉ በዜና ካየች ጀምሮ ነበራት፤ ኮልቢ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ሳታወጣው መኖሯ ነው የገረማት።

ተነሳች።

የማርጎ ጽሑፍ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ቢያልፍም ዋሽንግተን ውስጥ የሚሰማው አልነበረም። ኤመሪ መዶሻውን መታና ስብሰባው ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ በድልድዩ ሥር ስለተደፈነው የውሃ ቱቦ አለፈ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኮልቢ ይነዳል። ጭቃው ጎማውን እየያዘ ስለሚለቅ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።

«በሩ ላይ ቆሜ አይቼሻለሁ» አለ። «ተነሳሽ።»

«ተነሳሁ።»

«እኔ ብሆን አልነሳም ነበር።»

ጠዋት ቢሆን «እንደ ፍላጎትህ» ብላ መስኮቱን ታይ ነበር። «ለምን?» አለች።

 ኮልቢ ኔማት ስለሚባል አንድ አፍጋኒስታናዊ ነገራት፤ ለክፍላቸው ያስተረጉም የነበረ፣ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ያሉት፣ እንግሊዝኛን በቴሌቪዥን ከሚያየው የትግል ግጥሚያ የተማረ። እስከ አሁን በስልክ መልእክት ይልክለታል። የሚልከው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ መቼ ነው የምትወጡት፣ አስቀድመህ ንገረኝ ይለዋል።

«እና ምን ትለዋለህ?»

«ምን እለዋለሁ? ኤልድሪጅ ገና አልወሰነችም ልበለው?»

«ብንቆይ የሚድን ይመስልሃል?»

«አላውቅም። ብንወጣ እንደማይድን ግን አውቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ የማስበው ሌሎቹን ነው» አለች አርዲስ። «በስልክ የማይጽፉልህን። የእኛ አውሮፕላን ቦምብ የሚያርፍባቸውን። አንተ አንድ ሰው ታውቃለህ፣ ስለ እሱ ታስባለህ፤ ልክ ነህ። እኔ አንድም አላውቅም። ታዲያ ስለማላውቃቸው አይቆጠሩም?»

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም። አንተ ነበርክ፣ ግን ጎማ ነበር የምትቀይረው። ራስህ ነህ ያልከኝ።»

ኮልቢ ዞር ብሎ አያት፤ መኪናው ወደ ጉድጓዱ አዘነበለና መሪውን ቶሎ መለሰው። አርዲስ ከአፏ ያመለጣትን ልትመልሰው አልቻለችም። እሱ ግን አልተቆጣም፤ እንዲያውም ከመከር ወዲህ ያላየችው ነገር ፊቱ ላይ ታየ፤ የሚከራከር ሰው ፊት።

«እሺ፣ ጎማ ነበር የምቀይረው» አለ። «ግን ጎማ የሚቀይር ሰው ማን በየት በኩል ሲሄድ እንደሚፈነዳበት ከአንቺ ይበልጥ ያውቃል። ስሚኝ…»

ቤቱ ደጃፍ ደርሰው ነበር። ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱም አልወረዱም።

«እየሰማሁህ ነው» አለች።