የሐሙሱ ጀልባ

ፍራሹ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ አልወጣም አለ። በድሉ ከላይ ይጎትታል፤ ሚስቱ ፈትለወርቅ ከታች በትከሻዋ ትገፋለች።

«ቆይ፣ ወደ ግድግዳው አዘንብዪው» አለ በድሉ እያለከለከ። «ምን አስቸኮለን? ሰውየው ገና ቪዛውን አላገኘም።»

«አፍህን በበጎ ክፈት። ትናንት ኢንተርቪው ገብቷል። ዛሬ ይደውላል።»

ፍራሹ ለለገሠ ነው፤ በሥጋ የቀራት ታናሽ ወንድሟ እሱ ብቻ ነው። እናታቸው ሞታ፣ አባታቸውም ኦጋዴን ላይ ሲወድቅ፣ መንግሥት ሁለቱን ከሌሎች የሙት ልጆች ጋር አሰብ ላይ መርከብ አሳፍሮ ለትምህርት ኩባ ላካቸው። እሷ አሥራ ሦስት፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። እሷ ተምራ አገሯ ገባች፤ ቆይቶም ዲቪ ደርሷት አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ መጣች። ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ ታበላለች። ለገሠ ግን እዚያው ቀረ። ኩባዊት አግብቶ፣ ከዋናው ደሴት በስተደቡብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ለአንድ የባሕር ዳር ሆቴል የቱሪስት አውቶቡስ ይነዳል። ይነዳ ነበር። ነዳጅ ጠፍቶ መብራትም በቀን ስምንት ሰዓት መጥፋት ሲጀምር ሆቴሉ ተዘጋ።

ዲቪውን በየዓመቱ የምትሞላለት እሷ ነበረች። በሰባተኛው ወጣለት። የቀረው ነገር እሱና ቤተሰቡ በጀልባ ወደ ዋናው ደሴት ተሻግረው፣ ሃቫና አሜሪካኖቹ ቢሮ ለኢንተርቪው መቅረብ ብቻ ነበር። ሴፕቴምበር ካለቀ ግን ዕድሉ ይቃጠላል፤ ወሩ ደግሞ ተጋምሷል።

ፍራሹን እንደ ምንም አስገብተው መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ሲጥሉት ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ» አለ ለገሠ። አማርኛው ሰባት ዓመቱ ላይ ቆሟል፤ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ እንኳ እንደ ሕፃን ነው የሚያወራው። «እትዬ፣ ጀልባው ቀረ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ነዳጅ የለም አሉ። ሐሙስ ወደቡ ጋ ሄድን፣ ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አልመጣም። አንቺ አታልቅሺ፣ እሺ?»

«ታዲያ ሌላ ቀን ስጡኝ አትላቸውም? ገና ሁለት ሳምንት አለ እኮ!»

«እኔ እንጃ።» ወዲያው ድምፁ ፈካ አለ። «ግን ሆቴሉ ሊከፈት ነው። ነዳጅ የጫነ መርከብ እየመጣ ነው ተብሏል። ኖቬምበር ላይ ካናዳዎቹ ቱሪስቶች ይመጣሉ። አውቶቡሴን በየሰኞው አጥባታለሁ። ዝግጁ ናት።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ፈትለወርቅ ፕላስቲኩ ያልተቀደደለት ፍራሽ ላይ ተቀመጠች።

«በነዳጅ!» አለች። «የሰው ዕድል በነዳጅ ይቀራል?»

«እኛ እዚህ ጋዝ ሦስት ዶላር ገባ ብለን እናማርራለን» አለ በድሉ፤ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ነጂ ነው። ውኃ ሊያመጣላት ወጣ።

መቀመጥ አልሆነላትም። የስልክ ካርድ ፍቃ፣ ለገሠ ወደሚጠራበት ወደ ጎረቤቶቹ ቤት ደወለች። ሰኞ በማለዳ ሃቫና ደውሎ ሌላ ቀን እንዲለምን ልትነግረው ነው። ስልኩን ያነሳችው ግን እዚያ የነበረችው ሚስቱ ማይሌን ናት። በስፓኒሽ ተነጋገሩ።

«ጀልባው ቀረ ነው ያለሽ?» አለች ማይሌን። «ጀልባውማ መጥቷል። አርፍዶ ነው እንጂ መጥቷል። ልጆቹን ይዤ፣ ሻንጣ ተሸክሜ ወረፋው ላይ ነበርኩ። ስማችን ሲጠራ እሱ አልንቀሳቀስም አለ።»

«ለምን?»

«‹ሰባት ዓመቴ ላይ መርከብ ስንሳፈር፣ መቼ ነው የምንመለሰው ብዬ እትዬን ጠየቅኳት› አለኝ። ‹ክረምቱ ሲወጣ አለችኝ። እኔ ለልጆቼ እንደዚያ አልልም። እዚሁ ይሻላል፣ ሆቴሉ ይከፈታል› ብሎ ወደ ቤት መለሰን።»

ፈትለወርቅ ግድግዳውን ተደገፈች። አዎ፣ ብላዋለች። ልቅሶውን እንዲተው ብላ ነው ያለችው። እዚያም ደሴት ላይ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ልብሱን ጠቅልሎ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገ፤ በአራተኛው ተወው። ትልቅ ሆና ጥላው ስትሄድም «በዓመቱ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለችው። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት።

«ስሚኝ» አለች ማይሌን። «እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ቱሪስት ይመጣል፣ ዘንድሮ ይሻላል ስንል አምስት ዓመት ሆነን። ሰኞ ሌላ ጀልባ አለ። ሃቫናም ደውዬ፣ ከመጣችሁ እናስገባችኋለን ብለውኛል። እሱ ካንቺ ቃል አይወጣም። ተቆጪው። ልጥራልሽ።»

ማይሌን እየተጣራች ስትወጣ ተሰማት። ፈትለወርቅ የምትለውን አሰናዳች። እኔ ታላቅህ ነኝ ትለዋለች። እናትም አባትም ሆኜ አሳድጌሃለሁ ትለዋለች። ለልጆችህ ስትል ትለዋለች። እምቢ እንደማይላት ታውቃለች። ያኔም መርከቡ ደረጃ ላይ እጁን ስትጎትተው እምቢ አላላትም።

«እትዬ?» ሮጦ ነው የመጣው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ማይሌን ምን አለችሽ?»

ድምፁ ውስጥ ያለው ፍርሃት ገባት። የፈራው ቁጣዋን አይደለም። እውነቱን ማወቋን ነው።

«ምንም» አለችው። «ጀልባው ቀረ አለችኝ።»

በሩቅ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ሰማች። ሰኞ ሌላ አለ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከማይሌን ልመና ጋር አብራ ዋጠችው። ባፍንጫዋ ጎን የወረደውን እንባ በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ለገሠ» አለችው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጠይቃው የማታውቀውን ልትጠይቀው። «አውቶቡስህ ስንት ሰው ነው የምትይዘው?»