ከጁባ የሚደወለው ስልክ

«ጸጥ በሉ! ጋሼ ቴዲ እየደወለ ነው!» አለች ትንሿ የልጅ ልጅ ሊያ ከበረንዳው እየሮጠች ስትገባ።

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተቀነሰ። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ይከትፍ የነበረው ቢላ ቆመ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ የነበሩት እንኳ ባሉበት ዝም አሉ። አስካለ ስልኩን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ አማቷ አልጋ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። «ቴዲ ጁባ» ይላል ስልኩ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ከፈተችው።

«ሃሎ? እማማ? እንዴት ሰነበቱልኝ?»

እማማ ተዋበች ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። «ተመስገን ነው፣ አለሁ። አንተስ እንዴት ነህ? ሙቀቱ እንዴት አደረገህ?»

«ለመድነው እኮ፣ እማማ። ሰውን ምን ያቅተዋል።»

አስካለ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ጥላ አዳመጠች። ድምፁ የባሏ የቴዎድሮስ ድምፅ ነው። ንግግሩን ጀምሮ መሐል ላይ ቆም ይላል፤ የመጨረሻዋን ቃል ግማሿን ይውጣታል። የሚናገረው ግን ቸርችል ጎዳና ታች፣ የታላቅ ወንድሙ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ የተቀመጠው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ተስፋሁን ነው። ቴዎድሮስ ሞቷል።

የሞተው በክረምቱ መግቢያ ነበር፤ ሰመራ አጠገብ በአንድ የመንገድ ሥራ ጣቢያ ጄኔሬተር ሲጠግን። እማማ በልብ ሕመም ተኝተው ከሆስፒታል የወጡት በዚያው ሰሞን ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካቸው ስላለ፣ የበኩር ልጃቸው ዓምደሚካኤል ቤተሰቡን ሰብስቦ «ትንሽ ጠና እስኪሉ ድረስ አይነገራቸው» አለ። «ትንሽ» የተባለው ጊዜ ሳያልቅ ፍልሰታ ደረሰች። ከፍልሰታ መስቀል፣ ከመስቀል ገና። መርዶው እንደሚያፈስ ጣሪያ ጥገና ከበዓል ወደ በዓል ተሻገረ። የእድሩ ሰዎች ሳይቀሩ ምስጢሩን ተቀብለው፣ እማማን ሊጠይቁ ሲመጡ ስለ ስኳር መወደድ ብቻ አውርተው ይሄዳሉ።

ለቅሶው የተቀመጠው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እኅቱ ቤት ነበር። የቀብሩ ቀን ቤተሰቡ ጥቁር ልብሱን በፌስታል ደብቆ ሲወጣ ለእማማ «ሰርግ ነው» ተባለ። ማታ ሲመለሱ እማማ አኩርፈው ጠበቋቸው፤ «ምን ዓይነት ሰርግ ነው፣ ለቀረ ሰው ቁራሽ ዳቦ የማይልክ?» ተስፋሁን በመጣበት እግሩ ወጥቶ ከፒያሳ ትልቅ ድፎ ዳቦ ገዝቶ ገባ። ዓይናቸው ያበጠ ሰዎች የእማማን አልጋ ከበው የሰርጉን ዳቦ በሉ፤ ሙሽራዋ ምን ትመስል እንደነበርም ተራ በተራ አወሩላቸው። በሳምንቱ ሟቹን በወሬ ጁባ ላኩት፤ በጥሩ ደመወዝ፣ በሁለት ዓመት ኮንትራት።

የሚደውል ሰው ሲያስፈልግ ማንም ስለ ሌላ አላሰበም። ተስፋሁን ወርቅ ቤት ሻጭ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን የሰው ድምፅ በማውጣት ነበር። የእድሩን ዳኛ፣ የታክሲውን ረዳት፣ ጎረቤታቸውን ሐጂ ሰላሀዲንን፣ ያውም እፊታቸው ሆኖ ያወጣ ነበር፤ ሐጂም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁለት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የሚደውለው ከግቢው ጀርባ ቆሞ ነበር። አንድ እሁድ የጊዮርጊስ ደወል በስልኩ ውስጥ ገባ።

«ጁባም ጊዮርጊስ አለ እንዴ?» አሉ እማማ።

«ጊዮርጊስ የሌለበት አገር አለ እንዴ፣ እማማ?» አለ ተስፋሁን። ከዚያ ወዲህ ነው ወደ መኪናው የተዛወረው። የሌላ ሰው ድምፅ ማውጣቱንም ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ትቶታል።

አስካለ ጠዋት ጠዋት በባለ አበባ ቀሚስ ከቤት ትወጣለች። ጊዮርጊስን ስታልፍ ጥቁር ሹራብ ትደርብበታለች፣ ጥቁር ሻሽ ታስራለች፤ አምስት ኪሎ ያለው መሥሪያ ቤቷ የሚያውቃት በዚያ ነው። ስትመለስ እዚያው ቦታ ታወልቀዋለች። ሐዘኗ የሥራ ሰዓት ያለው ሆነ። ቤት ውስጥ ማልቀስ አይታሰብም። መታጠቢያ ቤቱ ለዐሥራ አንድ ሰው አንድ ነው፤ በሩ ይንኳኳል። መኝታ ቤቷ ደግሞ የቤቱ ቁም ሣጥን ያለበት ነውና ካልሲ የጠፋበት ሁሉ ይገባል። አንድ ቀን ትራስ ነክሳ ስታለቅስ የዓምደሚካኤል ሚስት ገባች። «ውይ፣ አይዞሽ የኔ እናት። ካውያዋን ብቻ ልውሰድና እተውሻለሁ» አለቻት። ካውያዋን ወሰደች። ወዲያው ደግሞ ብርድ ልብሱን ልትወስድ ተመለሰች። አስካለ ፊቷን ጠርጋ ብርድ ልብሱን አጥፋ ሰጠቻት።

በመጀመሪያዎቹ እሁዶች ስልኩ ሲጮህ ከቤት መውጣት ያምራት ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም። ለእሁዱ ስልክ ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን መታጠብ መጀመሯን ያስተዋለችው በቅርቡ ነው፤ ስታስተውል ደነገጠች። ዛሬ ጠዋት ዓምደሚካኤልን በረንዳ ላይ ለብቻው ያገኘችው በዚሁ ምክንያት ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ዛሬ ይብቃ። ይነገራቸው» አለችው።

«እስከ ፋሲካ ብቻ ታገሺ።»

«ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ እስከ ልደታ ይላሉ።»

«አንድ ነገር ቢሆኑስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትችይዋለሽ? እኔ አልችለውም።»

ከፋት፤ ከመከፋቷ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እፎይታ። ስልኩ ዛሬም ይደወላል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ ነበር።

«አስካልዬ አለች?» አለ ስልኩ።

«አለሁ።»

«በላሽ ወይ?»

ቴዎድሮስ ከየትም ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቃት ይህን ነበር። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ባልና ሚስት የሚባባሉትን ሁሉም ያውቃል።

«በልቻለሁ። አንተስ?»

«እኔማ እዚህ ስደርስ የጁባ ፍየል ማለቅ ጀመረ።»

እማማ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፤ ሳሉም አልቆም አለ። ፊታቸው ጠቆረ። አስካለ ስልኩን አልጋው ላይ ጥላ ውሃ አቀረበችላቸው።

«እማዬ!» አለ ስልኩ። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ? መድኃኒትሽን አልዋጥሽም እንዴ?»

ሳሉ ቆመ። እማማ ብርጭቆውን በእጃቸው እንደያዙ ስልኩን ትኩር ብለው አዩት።

ሊያ አፏን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች። «ጋሼ ቴዲ እማማን አንቺ አላቸው! አንቺ የሚላቸው ጋሼ ተስፋሁን ብቻ ነው እኮ!»

እውነቷን ነው። ታላላቆቹ ለእናታቸው አንቱታን የተማሩት በኩርኩም ነው። ተስፋሁን ግን እማማ ወልጄ ጨረስኩ ካሉ በኋላ የመጣ ልጅ ነበርና ማንም አላረመውም።

ከስልኩ ያ የሚቆም የሚቆም ድምፅ ተመለሰ። «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፣ እማማ። እሁድ እደውላለሁ።» ተዘጋ።

«ልጆቹን አስወጫቸው» አሉ እማማ።

አስካለ ሊያንና ወንድሞቿን ወደ በረንዳው ሸኝታ ተመለሰች።

«ቴዎድሮስ አንቺ ብሎኝ አያውቅም።» ቁጣ አልነበረበትም አነጋገራቸው።

«ሰው በሰው አገር ሲሆን፣ ሲናፍቅ…»

«ተይ እንግዲህ፣ አስካለ።»

አስካለ ዓይኗ ወደ መድኃኒቱ ብልቃጥ ሄደ። እማማ አዩዋት።

«አትፍሪ፣ አልሞትም። ካወቅሁ ቆየሁ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይህ ቤት መጣላት ካቆመ ጀምሮ ነዋ!» አሉ እማማ። «በአንድ መታጠቢያ ቤት ይህ ሁሉ ሰው፣ ‹አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ›። ያቺ የዓምዴ ሚስት ወጡ ጨው በዝቶበታል ብላት ‹ልክ ነዎት› አትለኝም? ዐሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ልክ ነኝ ብላ አታውቅም። ያን ዕለት ሰው እንደጎደለብኝ አወቅሁ። ማን እንደሆነ ብቻ አልጠየቅሁም። ከዚያ ይህን ጁባ የሚሉትን አመጡልኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር ይሞታል። ዝም ካልኩ ግን እሁድ እሁድ ይደውላል።»

አስካለ መሬት መሬት አየች። እሁድን የምትጠብቀው እሷ ብቻ ትመስላት ነበር።

«አንቺስ አልቅሰሽለታል?» አሉ እማማ።

«ገላን ሦስት ቀን ተቀምጠናል። ብዙ ሰው…»

«ስለ ሰው ብዛት አልጠየቅሁሽም።»

«እዚህ ቤት ቦታ የለም፣ እማማ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ አጭር ሳቅ። እማማ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉ፣ አስካለም ያዘችው።

«እንዴት ነው የሞተው?»

«ጄኔሬተር ሲጠግን ኤሌክትሪክ ያዘው። አልተሠቃየም አሉ።»

«አሉ?»

«እኔ አላየሁትም። ሣጥኑ ተዘግቶ ነው የመጣው። ክፈቱልኝ አላልኩም።» ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። «ሰው በዛ፣ ቸኮሉ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

እማማ እጇን ጠበቅ አደረጉት። ከጓዳው ቢላው ቀስ ብሎ መክተፍ ጀመረ።

«እንግዲያው እንዲህ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ለማንም እንዳትነግሪ። እሱም ይደውል። እኔና አንቺ እንወቅ፣ ይበቃል። አንቺም ቢሆን…» ፀጉሯን አዩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚች በር ላይ ስታደርቂው አይሻለሁ። አልፈርድብሽም፣ ልጄ።»

አስካለ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ፊቷ ጋለ። ከዚያ ግን የሚመጣው እሁድ ታያት። ሁለት ሆነው፣ እያወቁ፣ እንደ ሬዲዮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዳምጡታል። ማንም አይጎዳም። «በላሽ ወይ?» ይላታል። «እሺ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

የበረንዳው ሣንቃ ተንቋቋ። ተስፋሁን የቸርችልን ዳገት በሩጫ ወጥቶት ኖሮ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?»

ድምፁ መሐል ላይ ቆም አለ፤ የመጨረሻዋን ቃል ግማሿን ዋጣት።

እማማ የአስካለን እጅ እንደያዙ አንድ ጊዜ አዩዋትና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ደህና ነኝ። ወንድምህ ደውሎ ነበር።»

«ምን አለዎት?» አለ ተስፋሁን። በማን ድምፅ እየተናገረ እንደሆነ ያወቀ አይመስልም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አሁንም ጠረገ። «ደህና ነው አለ?» ያው የቴዎድሮስ ድምፅ ነው የወጣው። አስካለ ፊቱን አየችው። የሚያስቅ ነገር አልነበረበትም፤ ሰውን ለማሳቅ የሚያቀብጠው ያ የዓይኑ ጨዋታ ከየትኛው እሁድ ጀምሮ እንደጠፋ ልታስታውስ ሞከረች፣ አልቻለችም። እቤት ውስጥ ስንት ሰው እያለ ማንም አላየውም። እሷም አላየችውም፤ እሁድ እሁድ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ጥላ ታዳምጠው ነበር።

አስካለ እጇን ከአማቷ እጅ ቀስ አድርጋ አወጣችና ተነሣች። ተስፋሁንን ክንዱን ይዛ ዱካዋ ላይ አስቀመጠችው።

«ከእንግዲህ አይደውልም፣ ተስፉ» አለችው። «እማማ ያውቃሉ። በገዛ ድምፅህ አናግራቸው።»