ባና በውርጭ ላይ

ይመኙሻል ያን ዓመት የነቢያትን ጾም የጾመችው በሁለት በኩል ነው፤ በሆዷም፣ በበሬዋም። ቦራ የሚባለው በሬዋ በኅዳር አጋማሽ ገመዱን በጥሶ፣ የባላምባራስ ኪዳነ ማርያም የገብስ ክምር ላይ ወጥቶ ሲያመነዥክ ተያዘ። በሬ መቼም ሣሩን እንጂ ገደሉን አያይም ይባላል። ይኼኛው ገደል እንኳ አልነበረበትም፤ የነበረበት የባላምባራስ ቁጣ ነው።

ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ቁጡ ናቸው፤ ያውም እንደ ገለባ እሳት ቦግ ብሎ እልም የሚል ቁጣ። ያን ዕለት ቦግ እንዳሉ፣ በሎሌው በጎረቤቱ በቄሱ ፊት፣ "ንጉሥ ይሙት፣ ይህ በሬ በእኔ ፈቃድ ከበረቴ አይወጣም" ብለው ማሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግስቱ ቁጣው በርዷል፤ መሐላው ግን እንዴት ይብረድ? ይመኙሻል ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌዎቹም በንጉሥ የማለን ሰው ምን ብለን መሐላውን እናስፈርሰው ብለው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ራሷ ሄዳ ደጅ ጠናች። ባላምባራስ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ቦራ ድርቆሹን በደንብ እንደሚበላ፣ ምንም እንዳልጎደለበት፣ እንዲያውም ትንሽ እንደወፈረ ነገሯት። በሬውን ግን አልሰጧትም።

ይመኙሻል ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗል። ከደብረ ብርሃን ወረድ ብሎ በረሳ ወንዝ ዳር ያለው መሬቷ ሰፊ አይደለም፤ ሆኖም ጥንድ በሬ እስካላት የእህቷ ልጅ መጥቶ ያርስላታል፣ እሷ የበግ ጠጉር ፈትላ ባና ታሠራለች፣ ቤቷም ቤት ሆኖ ይኖራል። በአንድ በሬ ግን አይታረስ። የሚያቀናጃት ብትፈልግ ባለ አንድ በሬው ሁሉ ከየጎረቤቱ ተጣምሮ አልቋል። በልግ ሲገባ መሬቷን ለእኩል አራሽ መስጠቷ ነው። አንዴ ለእኩል የተሰጠ መሬት ደግሞ ለባለቤቱ ቀስ በቀስ እንግዳ እየሆነ ሲሄድ በዓይኗ አይታለች። እንቅልፍ የሚነሳት ይኼ ነበር።

ታዲያ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። የዚያ አገር ሰው የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ሩር ከመጠለዙ በፊት፣ ጠዋት ላይ ሌላ ጨዋታ ነበረው። በዋዜማው የጅረቱን ውኃ በቦይ መልሰው ጨፌው ላይ ይለቁታል። የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጎህ ሲቀድ ጨፌው ከዳር እስከ ዳር በረዶ ለብሶ ይገኛል፤ ዶሮ እንኳ ልርገጥህ ብትለው እግሯ አይቆምላትም። ከዚያ ሸርታቴ ይወጣል። ሸርታቴ ማለት የደረቀ የበሬ ቁርበት ነው፤ ከሥሩ ሁለት የወይራ እንጨት ይታሰርበታል፣ ከመሐሉ ዘንግ ይቆምበታል፣ በዘንጉም ላይ ባና ይዘረጋል። ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ነፋስ ባናውን ሲነፋው፣ ሸርታቴው የተቀመጠበትን ሰው ይዞ ይበራል። መሪው የገና ዱላ ነው፤ በቆልማማው ጫፍ በረዶውን እየቧጠጡ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይመልሱታል። ከወንዙ መሻገሪያ ተነሥቶ ከጨፌው ማዶ ካለው ትልቁ ጽድ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ይህ ሁሉ ታዲያ ፀሐይዋ ጨፌውን ሳትነካ ማለቅ አለበት፤ ከነካችው ጌታውም ሎሌውም ማጥ ውስጥ ነው።

ደንቡ ሁለት ነው። ከየጭሱ፣ ማለት እሳት ከሚነድበት ከየቤቱ፣ አንድ ሰው ይወጣል። ያሸነፈውም የአገሩን ጌታ፣ ባላምባራስን፣ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ጌታው አይከለክልም፣ አይቆጣምም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባላምባራስ ራሳቸው ሰባት ዓመት ተከታትለው አሸንፈዋል። ባናቸው ሰፊ ነው፣ ክንዳቸውም ብርቱ ነው፤ ይህን ማን ይክዳል? ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጽዱ ሲቃረብ ሰው ሁሉ እሳቸው እንዲቀድሙ ዱላውን በረዶው ላይ ጫን ያደርግ ነበር። አይቆጡም ቢባልም ነገ ሌላ ቀን ነዋ! ባላምባራስ ይህን አያውቁም ነበር፤ ወይም እንደማያውቁ ይሆኑ ነበር።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ይመኙሻል ጨፌውን ወደሚዳኙት ወደ አባ ገብረአብ ሄዳ፣ ከእኔ ጭስ የምወጣው እኔ ነኝ አለቻቸው። አባ ገብረአብ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ከሚያውቁት ደንብ ግን አንዲት ያልጠፋቻቸው ሽማግሌ ናቸው። ሴት እኮ ነሽ አሏት። ደንቡ ወንድ ይላል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ብዙ አሰቡ፤ ጭራቸውን ሁለት ጊዜ ወዘወዙ።

"ሰው ነው የሚለው" አሉ በመጨረሻ። "ሰው መሆንሽን ደግሞ እኔው ነኝ ያጠመቅሁሽ፤ አልክድም።"

ሰፈሩ ሳቀ። ይሳቅ! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የጨነቃት ቁርበት ብትጋልብ ምን ይገርማል? ይመኙሻል የባሏን ሸርታቴ ከጣሪያው ሥር አውርዳ አቧራውን አራገፈች፣ የወይራውን እንጨት በተልባ ዘይት ደጋግማ አሸች፣ የሠርጓን ባና ከሳጥን አወጣች። አንድ ነገር በሆዷ ይዛለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያጠበችውን ባና የምታሰጣው እዚያው ጨፌ ዳር ነው። ነፋሱ ሲዞር ስንት ባና ወንዝ ውስጥ ከቶባታል! ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነፋሱ በጨፌው መሐል ይደክማል፤ በወንዙ ዳር ግን ያን ጊዜ ነው የሚበረታው። ወንዶቹ ይህን ከየት ያውቁታል? ባና መልበስ እንጂ ማስጣት መች ሠርተው ያውቃሉ።

የገና ዕለት ቅዳሴ አልቆ፣ ሰው ጾሙን ፈትቶ፣ ጎህ ሲቀድ ሁሉም ጨፌው ዳር ተሰበሰበ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አሥራ ሁለት ሸርታቴ ተሰልፏል፤ አሥራ አንዱ ላይ ወንድ፣ አንዱ ላይ ይመኙሻል፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ። ሊያላግጥባት የመጣው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ወረወረባት፤ ዳቦ ልትጋግሪ ከሆነ ምድጃው ወዲያ ነው ያላትም አለ። እሷ ዘንጓን ታጠብቃለች።

ባላምባራስ ከጎኗ ናቸው። ሸርታቴያቸው ሲቀርብ ሽታው ቀደመ። ዘንድሮ ለገና ክብር በተልባ ሳይሆን በለጋ ቅቤ ነው ያሸሁት ብለው ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ሕዝቡም የጌታ ነገር ብሎ አደነቀ። ይመኙሻል ግን ዘወር ብላ የራሷን ወይራ አየች። ሰፊው ባና አንሶ ደግሞ ቅቤ! ቦራዬ፣ አለች በልቧ፣ ዘንድሮስ አለቀልን።

አባ ገብረአብ ጭራቸውን ጣሉት። ባናዎቹ አንዴ ተነፉ።

ወይ ደስታ! ይመኙሻል እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። በረዶው ከሥሯ ይንጫጫል፣ ዕንባዋ ከዓይኗ ወጥቶ ወደ ጆሮዋ ይሮጣል፣ ሣር የለ መሬት የለ፣ ሁሉም ነገር ወደኋላ ይሄዳል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ የሮጠችበት ቀን ትዝ አይላትም። ለቦራ ብላ የመጣችውን ለአፍታ ረሳችውና ሳቀች፤ ብቻዋን፣ አፏን ከፍታ፣ በብርዱ ጥርሷን እስኪያማት። ወዲያው ደግሞ ትዝ አላት፤ ዱላዋን በረዶው ላይ ቧጥጣ ወደ ወንዙ ዳር ታጠፈች።

መንገድ ጠፋት ብለው ሰዎች ጮኹ። ወንዶቹ በመሐል በመሐሉ ይከንፋሉ፤ ከሁሉ ፊት ባላምባራስ። ግማሹን ጨፌ እንዳለፉ ሰማዩ ቀላ፤ የመሐሉም ነፋስ ልክ እንዳሰበችው ደከመ። ባናዎቹ እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠለጠሉ። የእሷ ባና ግን ከወንዙ በኩል በመጣው ነፋስ ተነፍቶ ዘንጉን ሊገነጥለው ደረሰ። አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አለፈች፣ አሥረኛውን ስታልፍ ሰውየው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከፊቷ ባላምባራስ ብቻ ናቸው። ባናቸው ሰፊ ነውና በደከመውም ነፋስ ይሄዳል። በአንድ ቁርበት ይቀድሟታል። በግማሽ ቁርበት። ጽዱ እየቀረበ ነው። እሷ ግን ዱላዋን ጫን የምታደርግ ሴት አልነበረችም።

ይኼኔ ነው ውሾቹ የመጡት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚያ አገር ሰው አርባ ሦስት ቀን ሲጾም ውሻውም አብሮ ይጾማል። አጥንት ማን ይጥልለታል? ያን ጠዋት የመንደሩ ውሻ ሁሉ አፍንጫውን ሰቅሎ ዳር ዳሩን ሲንከራተት ነበር። የለጋ ቅቤ ሽታ በነፋስ ተጭኖ ሲደርሰው ምን ያድርግ? ስምንት ይሁኑ አሥር፣ እየተንሸራተቱ፣ እየተገለባበጡ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጡ የባላምባራስን ሸርታቴ ከበቡት። አንዱ ከኋላ ቁርበቱን ነከሰ፤ ሌላው ወይራውን መላስ ጀመረ። ሸርታቴው ዞረ፣ አሁንም ዞረ፣ በረዶው ወደ ሳሳበት ወደ ቦዩ አፍ ሄዶ ተሰነቀረ። ባላምባራስ ኪዳነ ማርያም፣ የሰባት ዓመቱ አሸናፊ፣ ከነባናቸው ማጡ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገቡ።

ይመኙሻል ጽዱን በእጇ መታችው። መትታም መቆም አቃታት፤ ሸርታቴው ይዟት ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ነጠላዋን ከእሾህ አላቅቃ ስትወጣ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል፤ ዳቦ ልትጋግሪ ነው ወይ ያላትም ሰው ከሁሉ በላይ ይጮኻል።

ባላምባራስን አወጧቸው። ጭቃው ከጢማቸው ይንጠባጠባል፤ አንድ ውሻ አሁንም እጃቸውን ይልሳል። ሕዝቡ ፊት ፊታቸውን ያያል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ እስቲ ዛሬ ይታያል። አባ ገብረአብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ያሸነፈችው ትጠይቅ አሉ።

"ቦራን" አለች ይመኙሻል።

ባላምባራስ ወደ ሰዉ ዞሩ። "በእኔ ፈቃድ አይወጣም ብዬ ምያለሁ። መሐላዬም መሐላ ነው፤ በእኔ ፈቃድ አልወጣም። ገና አወጣው" አሉና ጭቃቸውን እየረጩ ሳቁ፤ ሰውም አብሮ ሳቀ። ያን ቀን የሳቀ ሰው ለዓመት የሚበቃውን ስቋል።

በሬዋን ልትወስድ ስትሄድ ከበረቱ ደጅ የጠበቀቻት የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ ወለተሐና ናት። ቦራ እውነትም ወፍሯል። አንገቱን ስታቅፈው ፊቷን ላሳት፤ እሷም አለቀሰች፣ ምን ይደረግ፣ አንድ ወር ሙሉ ይዛው የነበረ ዕንባ ነው። ወይዘሮ ወለተሐና ገመዱን በእጇ ስታስይዛት ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እሳቸው ሁልጊዜ በተልባ ነው የሚያሹት። ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ቅቤ አምጪ አሉኝ። ኧረ ውሾቹ ይከተሉዎታል ብላቸው፣ 'አውቃለሁ' አሉኝ።"

ይመኙሻል ገመዱን እንደያዘች ቆመች። እኚህ ሰው መሐላቸውን ሳያፈርሱ በሬዋን የሚመልሱበት መንገድ ሲፈልጉ ከርመው፣ ያገኙት መንገድ በማጥ ውስጥ የሚያልፍ ሆኖ፣ እያወቁ ገቡበት። ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ንድድ አለች። ግማሽ ቁርበት ብቻ ነበር የቀራት! ነፋሱ የእሷ ነበር! ያለ ውሻው፣ ያለ ቅቤው ትቀድማቸው ነበር እኮ። ቦራን እየጎተተች ወደ ቤቷ ስትወርድ እየሳቀች ትራገማለች፣ እየተራገመች ትመርቃቸዋለች፤ መንገደኛው ሁሉ በሬውን ያገኘችው ሴትዮ አበደች እንዴ እያለ ዞሮ ዞሮ ያያታል።

በልግ ሲገባ መሬቷ በጥንድ በሬ ታረሰ፣ ገብሱም ያዘላት። ዓመቱ ዞሮ የገና ዋዜማ ሲደርስ ይመኙሻል አንድ ቅል የተልባ ዘይት ሞልታ፣ በንጹሕ ጨርቅ አፉን አስራ፣ ለባላምባራስ ላከች። መልእክት አላከለችበትም። እሳቸውም ተቀበሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጨፌው በረዶውን ለብሷል፣ ሸርታቴዎቹ ተሰልፈዋል። ዘንድሮ አሥራ አራት ናቸው፤ ሁለቱ አዲሶች ሴቶች ናቸው። አባ ገብረአብ ጭራቸውን ሊጥሉ እጃቸውን እንዳነሡ፣ ይመኙሻል ይቆዩ አባ አለቻቸው። ከሸርታቴዋ ወረደች፣ በሰው ሁሉ ፊት ባላምባራስ አጠገብ ተንበረከከች፣ አፍንጫዋን ወደ ወይራው አስጠግታ አሸተተች።

ተልባ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ባላምባራስም ቆልማማውን ዱላቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ይስቁ ነበር።