በእርጥቡ የተሰመረ መስመር

ባሌ ከመታመሙ በፊት ከወንዝ ዳር ያመጣው የመጨረሻ ድንጋይ የሕፃን ራስ ያክላል። ላዩ እንደ ድንች ልጣጭ ሻካራ ነው። የሚቆረጥበትን ቦታ በአሉሚኒየም ሽቦ ጫፍ ዙሪያውን አስምሮ፣ ሳይቆርጠው ሞተ። ብርማውን መስመር በጣቴ እንዳላደበዝዘው ድንጋዩን የማነሳው ከታች ደግፌ ነበር።

ልጃችን ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ሻንጣዋን ስታሰናዳ፣ «ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለአንቺ» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። እንዲህ ያለ ድንጋይ አንዴ ነው የሚቆረጠው። መጋዙ ላይ ከተሰባበረ ለሁለታችንም አይተርፍም።

የሚቆርጥልን የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ በየሳምንቱ ድንጋይ ሲለቅሙ፣ ሲቆርጡና ሲወለውሉ ነው ያረጁት። ባሌ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ከሚለው ተረት ቆንጥሮ «አፍሶ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ እኛም በዚያው ለመድን።

አፍሶ የሁለቱ ድንጋይ መቁረጫ ወደሆነው ጓዳችን ገብቶ፣ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ ድንጋዩን ባልዲ ውስጥ ነከረው። ግራጫው ጠፍቶ ቀይና የማር መልክ ያለው ቀለበት በቀለበት ላይ ብቅ አለ።

«አየሽ፣ ፊቱን ሲታጠብ ሙሽራ ነው» አላት ልጄን።

«አጎቴ፣ አንተም ብትታጠብ እኮ ማን ያውቃል» አለችው።

የሁለቱም ወንድማማቾች ልማድ ይህ ነበር። ድንጋይ የሚታየው እርጥብ ሲሆን ነው ይላሉ፤ መስመሩንም የሚያሰምሩት ድንጋዩ ሳይደርቅ ነው።

ድንጋዩን በመጋዙ መያዣ፣ በሞርሳው፣ አስሮ መጋዙን ከማብራቱ በፊት፣ ምላጩን ለማቀዝቀዝ የሚንጠባጠበው ውሃ እምቢ አለው። የተደፈነውን ቱቦ እየነፋ ሲታገል ድንጋዩ በመስኮቱ በኩል በሚገባው ነፋስ መድረቅ ጀመረ። ቀለሙ ተመልሶ ገባ። አንድ ፀጉር የሚያክል ጥቁር መስመር ግን አልደርቅ አለ። ከአንዱ ጎን ተነስቶ፣ የባሌን መስመር መሃሉ ላይ አቋርጦ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል።

የተሰነጠቀ ሳህን ያጠበ ሰው ይህን ያውቃል። ውሃው ከስንጥቁ ቶሎ አይወጣም።

«ተሰንጥቋል» አልኩ። «በዚህ መስመር ከቆረጥከው አራት ቦታ ይሆናል።»

አፍሶ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «እትዬ፣ ጋሼ ነው ያሰመረው።»

«እርጥብ ሳለ ነው ያሰመረው። ስንጥቁን አላየውም።»

«እሱ ያላየውን እኛ አየን?»

«ደርቆ ስላየነው ነው።»

«ታዲያ በየት ልቁረጠው?»

«በራሱ በስንጥቁ ላይ። ምላጩ ስንጥቁን ከበላው ሁለቱም ወገን ደህና ይሆናል።»

ቱቦውን አስቀመጠ። «እኔ ሁለት መስመር እያየሁ አልቆርጥም፤ ዓይኔ ይስታል። የጋሼን መስመር ደግሞ አልሰርዝም። ከፈለግሽ አንቺ ሰርዢው።»

ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ታያለች። ጥቁሩ መስመር ከዳር እየቀጠነ ነበር። ቢጠፋ ድንጋዩን እንደገና አርጥቦ መጠበቅ ይቻላል። እኔ ግን ያንን ድፍረት እንደገና የማገኝ አልመሰለኝም።

«ሽቦውን አቀብዪኝ» አልኳት። ድንጋዩን ከሞርሳው ፈትቼ ስንጥቁን ተከትዬ ዙሪያውን አሰመርኩ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። የባሌ መስመር አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ይጎብጣል፤ እዚያ ጋ እጁ ሳያርፍ አልቀረም። መፋቁን ከዚያ ጀመርኩ። ስጨርስ ቦታው ነጣ፤ ጣቶቼ ላይ ብርማ ዱቄት ቀረ።

አፍሶ ቱቦውን ነፍቶ ከፈተ፤ ድንጋዩን አዙሮ አሰረና ስዊቹን ጫነ።

ምላጩ ሲገባ ድምፁ ወፍራም ነበር። ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ ወረደ። መሃል ላይ ድምፁ ድንገት ቀጠነ፤ አፍሶ እጁን ስዊቹ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ያዘ። አላጠፋውም። ድምፁ ተመልሶ ወፈረና ተቋረጠ።

ሁለት ሆነ። አንደኛው ከሌላው በጣም ያንሳል፤ ስንጥቁ እኩል አልሄደምና። ሁለቱም ግን ሙሉ ናቸው። አፍሶ በጥፍሩ እያንኳኳ አዳመጣቸውና ወደ ደጅ ወጣ። አልተከተልነውም።

ልጄ ትንሹን አነሳች። «አባዬ ቢሆን በራሱ መስመር ይቆርጠው ነበር?»

«ይቆርጠው ነበር።»

«ይሰበር ነበር ማለት ነው።»

«አዎ» አልኩ።

ድንጋዩን በሹራብ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋት። ብርማው ዱቄት ያለበትን እጄን አልታጠብኩም ነበር።